ጥያቄ ቁጥር ሠላሳ አንድ

ቤርሼባ፣ ሦስተኛ ፎቅ። መስኮቱ አቧራ ለብሷል፤
የበረሃ ነፋስ ዛሬ ሰማዩን ሽሮ አስመስሏል።
እኔ አስተርጓሚዋ፣ በሁለት ሴቶች መካከል፣
እንጀራዬ ቃል ማሻገር፣ የአንዷን ለአንዷ ማካፈል።
በግራዬ ዶክተር ኦርና፣ ብዕሯን ጆሮዋ ላይ ሰክታ፤
በቀኜ አንጓች፣ ከኦፋኪም፣ በስድስት ወር ሆዷ
ሁለት አውቶቡስ ቀያይራ መጥታ።
ከጠረጴዛው ሥር ኢታማር፣ አምስት ዓመቱ፣ ቃል የለውም፤
የጠርሙስ ክዳን ይደረድራል፣ ሰማያዊን ከቀይ አያቀላቅልም።

ጥናቱ እንዲህ ነው፦ አንድ ኦቲዝም ያለው ልጅ እያላቸው
ዳግም ያረገዙ እናቶች፣ ደማቸው፣ ሽንታቸው፣ ፀጉራቸው፣
የምንጣፋቸው አቧራ ሳይቀር ይታሸጋል፣ ስማቸው ቀርቶ በቁጥራቸው፤
ልጁ ሳይመጣ ገና፣ የሚመጣበትን መንገድ ለማየት።

"ትኩሳት ነበረሽ? የራስ ምታት ክኒን ወስደሻል?
ከቤትሽ አጠገብ እርሻ ላይ መድኃኒት የሚረጭ አውሮፕላን ያልፋል?
ዓሣ በሳምንት ስንቴ ትበያለሽ?"
አንጓች ሳቀች። "ዓሣስ ኪስ ላለው ነው፤
የእኔ ድርሻ ምስርና የትምህርት ቤት ወለል ነው።"

ሠላሳ አንድ። "በሥራሽ ላይ የጽዳት ኬሚካል ትነኪያለሽ?"
ዝም።
"ለምንድን ነው የምትጠይቀኝ?" አለች ወደ እኔ ዞራ።
ዶክተሯ፣ "የምንፈልገው ጎሬም ሲኩን ነው" አለች፣ በቀስታ፣ አጥርታ።
እኔ ቸኮልኩ። ሰዓቱ ሄዷል፣ በር ላይ ሌላ ሴት ቆማለች፤
"ጥፋቱን ነው የሚፈልጉት" አልኩ።
የአንጓች እጆች ከሆዷ ላይ ወረዱ።

"ክሎሩ ነው? ጓንት አልሰጡኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።
እሱን አርግዤ ደረጃ ሳጥብ ዓይኔ ይቃጠል ነበር፤ ለማንም አልተናገርሁም።
ያ ነው? ንገሪኝ። ያ ከሆነ ንገሪኝ።"

ጥፋት አላልኩም፣ ልል ነበር። ብያለሁ እኮ።
ሌላ ቃል ፈለግሁ፦ ሰበብ፣ ሰበብማ ማመካኛ ነው።
አደጋ፣ መኪና የገጨው መሰለ። መንስኤ፣ ፍርድ ቤት የሚነበብ ነው።
"ደመና ነው" አልኳት መጨረሻ ላይ። "ዝናብን ደመና ይቀድመዋል፤
ደመና ሁሉ ግን አይዘንብም። እነሱ ደመናውን ይቆጥራሉ።"
ቆየች። "ደመና አይከሰስም" አለች።
"እንግዲያ ጻፊው። ክሎር፣ ያለ ጓንት፣ አራት ዓመት።
እናቱ ሳታውቅ፣ ብለሽም ጨምሪበት።"
ለዚህ ሣጥን አልነበረውም። ዳር ላይ በአማርኛ ጻፍኩት፤
ማን እንደሚያነበው እንጃ።

የመጨረሻው ገጽ፦ ስትወልጅ እንግዴ ልጁን ለቤተ ሙከራ ትሰጫለሽ?
ዕብራይስጡ "ሺልያ" ብሎት ያልፋል፤
የእኛው ቋንቋ ግን ልጅ ይለዋል፣ እንግዳ ይለዋል፣
አብሮ መጥቶ ሳያድር የሚሸኝ።
"የት ይቀበራል?"
"አይቀበርም። ከዜሮ በታች ሰማንያ፣ ለዓመታት።"
"የኢታማርንስ የት ጣሉት?"
ያኔ የጠየቀ የለም።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ከእሷ።
"ደመናውን አውቃችሁ ስትጨርሱ፣
እንዲህ ያለ ልጅ አይወለድም ማለት ነው?"
አሁን አልቸኮልኩም። ቃል በቃል፣ እንደ እንቁላል ተሸክሜ አሻገርኩት።
ኦርና ብዕሯን ከጆሮዋ አወረደች፣ መልሳ ሰካችው።
"ሎ ዮዳዓት" አለች።
ይኼን መተርጎም አላስፈለገም።

ኢታማር ከጠረጴዛው ሥር ወጣ፤ ማንንም አላየም፤
አንድ ሰማያዊ ክዳን የፊርማው መስመር ላይ አኖረ፣
በጣቱ አስተካከለው፣ ተመልሶ ገባ።
አንጓች ክዳኑን አላነሳችም።
ዙሪያውን ዞራ ፈረመች።